ጎባጣዋ በማን በኩል ቀረች?

የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ስለዚህ ዋናውን መጀመሪያ ልናገር፦ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ልቤ ዘልሎ አያውቅም። የሠርጌን ቀን ጨምሮ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። ይከፋው እንጂ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ኮሪያ ሊልከኝ መሆኑን መጀመሪያ የነገርኩት ለአባቴ ነው። አባቴ የኮሪያ ዘማች ነው። ዘጠና ዓመት ደፍኗል። እግሩ እምቢ ካለው ወዲህ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብላ ባለችው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር በተዘረጋች አልጋው ላይ ነው የሚውለው። እግሩ ነው እንጂ ምላሱ አላረጀም፤ ጆሮውማ አይነሣ! «ኮሪያ» ስል የነከሳትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሳት።

«የትኛው ኮሪያ?»

«አባዬ ደግሞ! ደቡቡ ነዋ። ሰሜኑን ማን ያስገባኛል?»

«እንግዲያው ጎባጣዋን ታዪልኛለሽ» አለ።

ጎባጣዋ ኮረብታ ናት። አሜሪካኖቹ ቁጥር ሰጥተዋት ነበር፤ የእኛ ልጆች ግን ጀርባዋ የጎበጠ አሮጊት ስለምትመስል «ጎባጣዋ» አሏት። አባቴ ገና ጢም ሳያወጣ አንድ ክረምት፣ በረዶው ጉልበት እየደረሰ፣ እዚያች ላይ መሽጎ ቆየ። ከአንድ ግቢ አብሮት ያደገ ጓደኛውም ከጎኑ ነበር። ጓደኛው እዚያችው ላይ ወደቀ። አስከሬኑ አገሩ ገብቶ በክብር ተቀብሯል፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። ጥያቄው የመጣው አባቴ ከመርከብ ወርዶ፣ በባቡር አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሰፈር ሲደርስ ነው። የጓደኛው እናት በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁት። አላለቀሱም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦

«ልጄ የወደቀባት ቦታ በማን እጅ ናት?»

«በእኛ እጅ ናት እማማ። አልለቀቅናትም» አላቸው።

እውነቱን ነበር። እሱ ተራራውን ለሌላ ጦር አስረክቦ ሲወርድ ጎባጣዋ በእኛ ወገን እጅ ነበረች። ግን ከዚያ በኋላም ውጊያው ቀጥሏል፤ ተኩሱ የቆመውና ድንበሩ የተሰመረው ቆይቶ ነው። መስመሩ ጎባጣዋን ወዴት እንደጣላት አባቴ አያውቅም። እኒያ እናት ግን በዚያች ቃል ተጽናንተው፣ ላገኙት ሁሉ «ልጄ የሞተላትን አልለቀቁም» እያሉ አርጅተው ሞቱ። የሞቱ ዕለት አባቴ እህል አልቀመሰም። «ዋሽቻቸው ይሆን?» የሚለው ነገር ዕድሜ ልኩን ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ታዲያ ለምን ሄዶ አያይም ትሉ ይሆናል። ኮሪያኖቹ ዘማቾችን ወስደው ሲያስጎበኙ እሱም ተጠርቶ ነበር። ለሰው «አውሮፕላን ያዞረኛል» ብሎ ቀረ። ለእናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የነገራት ግን ሌላ ነው፦ «ሄጄ በወዲያ በኩል ባገኛትስ?»

እኔም ኢንተርኔት ላይ ፈልጌያታለሁ። ቁጥሩ ለካ የኮረብታው ከፍታ ነው፤ እኩል ቁመት ያለው ኮረብታ ደግሞ እዚያ አገር እንደ አሸን የፈላ ነው። ቁጥሯ ባይረዳኝም መልኳን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ፈርሶ መንገድ የሆነ አንድ ኬክ ቤት ነበረን ፒያሳ። እሁድ እሁድ ይወስደኝና ኬኬን ሳልጨርስ ጦርነቱን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። የስኳር ዕቃው ጎባጣዋ ነው። ሁለት የማኪያቶ ብርጭቆ ደግሞ ጉልበቶቿ፤ እሷ ቁጭ ያለች አሮጊት ስለሆነች ከፊቷ ሁለት ጉልበት የሚመስል ጉብታ አላት። በሁለቱ ጉልበት መካከል ማንኪያ ያጋድማል፤ ወንዙ ነው። እኔ ፊት ለፊቱ ልቀመጥ ስል ይቆጣል፦ «ነይ ከጎኔ! በዚያ በኩል የጠላት ነው!» አስተናጋጁም ነቄ ስለሆነ ጦርነቱ ሳያልቅ ጠረጴዛውን አያነሣም።

አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛ ነበረው፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚስል። ስኳር ዕቃውን ባየ ቁጥር፣ «ሞኝ የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለቆ የመጣ ሞኝ ዛሬ አየሁ!» ይላል። ኬክ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አባቴም አብሮ ይስቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እጄን ይዞ ቃል ሳይተነፍስ ነው የሚሄደው።

ልሄድ ስል የሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ነው። «ዘብ የቆመ ሰው ባዶ እጅ አይታለፍም» አለኝ። «እኛ እዚያ በረዶ ውስጥ ሳለን አንድ እፍኝ የአገር ቆሎ የሚያቀምሰን ብናገኝ እግሩን እንስመው ነበር። ኬላው ላይ ለምታገኚው ወታደር ቆሎ ስጪልኝ።» እሺ አልኩ። ገብስ ገዝቼ፣ ቆልቼ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ቀላቅዬ አንድ ከረጢት ሞላሁ።

ሥልጠናውን አልተርክላችሁም፤ እንቅልፍ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ባልደረቦቼ ወደ ገበያ ነጎዱ፣ እኔ ደግሞ ድንበሩን የሚያስጎበኝ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወደዚያ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም፤ ፓስፖርትህን አስመዝግበህ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ጠዋት ሄደህ ማታ መመለስ ነው። የጉብኝቱ ዓይነት ብዙ ነበር። እኔ አባቴ ስሙን ሲጠራው እየሰማሁ ወዳደግሁት ሸለቆ የሚሄደውን መረጥኩ። አስጎብኚያችን የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ትንሽ ቢጫ ባንዲራ የያዘች ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ደንቡን አንድ በአንድ ነገረችን። ወታደር ፎቶ አይነሣም። ከአስፋልት አይወጣም፤ ሣሩ ውስጥ ፈንጂ አለ። ወደ ወዲያኛው ወገን ጣት አይቀሰርም። ትምህርት ቤት እንደገባ ሕፃን «የስ! የስ!» አልኩ።

ፈራሁ ብል ውሸቴን ነው። ደስ ብሎኛል! ነውር ይሆን እንዴ? አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ያየሁትን ሁሉ በስልኬ ለአባቴ እየቀረጽኩ ነበር። ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ድርብ የሽቦ አጥር፤ በየርቀቱ የጥበቃ ማማ። መንገዱ ላይ እንደ በር ወዲህና ወዲያ የተከመረ ቤት የሚያህል ኮንክሪት አለ፤ ጠላት በታንክ ከመጣ አፈንድተው መንገዱን ሊዘጉበት ነው። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ሰላማዊ የሩዝ ማሳ፣ ትራክተር ላይ የተቀመጠ ገበሬ። «አባዬ፣ አንተ በበረዶ ያለፍክበት ሩዝ በቅሎበታል!» እያልኩ ስጮኽ ከኋላዬ የተቀመጡት ፈረንጆች ይሳሳቃሉ። ሙድ ይያዙብኝ፣ ምን አገባኝ!

ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆመ። መሣሪያ ያነገተ ወጣት ወታደር ገብቶ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ከፓስፖርቱ ጋር ማስተያየት ያዘ። እኔ ጋ ሲደርስ ፓስፖርቴን በግራ፣ የቆሎ ከረጢቱን በቀኝ ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀ። አይ፣ ማለቱ ነው።

እንግዲህ እኔ ያደግሁት የት ነው? እኛ ሰፈር እንግዳ መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ካላለ አሳዳጊ የበደለው ነው የሚባለው። የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ ነው፤ ሁለተኛውም ይሉኝታ ነው፤ ጋባዧ ካላጠበቀች ደግሞ «ከልቧ አይደለም» ተብሎ ይታማል። ስለዚህ አጠበቅሁ። ከረጢቱን ደረቱ ድረስ አቀረብኩለት። ወደ ኋላ አለ። ይኼ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው ብዬ ደስ አለኝ! ብድግ አልኩና፣ በእንግሊዝኛ የሚሆን ቃል ብፈልግ ስላጣሁ፣ በአማርኛ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አልኩት። መርዝ እንዳይመስለው ብዬም አንድ እፍኝ ዘግኜ እፊቱ ቆረጠምኩ።

ጉድ ፈላ። ልጁ መሣሪያውን ጨብጦ በሬዲዮ መናገር ጀመረ። አስጎብኚዋ ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች መጣች። ከኋላዬ ያሉት ፈረንጆች ሳቃቸውን ዋጡ። ያኔ ነው የገባኝ፦ ይሄ ሰው «አይ» ሲል አይ ማለቱ ነው! አባዬ ጎባጣዋን ይጠብቃል፣ እኔ በቆሎ ምክንያት ከበሩ ልመለስ ነው።

አንድ ጠና ያለ አለቃ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ከረጢቱን ተቀበለኝ፣ ፈታው፣ አሸተተው፣ ገብሱን በጣቱ አገላበጠ። ምን እንደሆነና ለምን እንዳመጣሁት በአስጎብኚዋ አስጠየቀኝ። እኔም ቀባጠርኩ፦ ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ አባቴ እዚህ አገር ዘብ ቆሞ ነበር፤ በረዶው ውስጥ ያማረው የአገሩ ቆሎ ነበር፤ ዘብ የቆመ ሰው ባዶ እጅ አይታለፍም ብሎኝ ነው። አስጎብኚዋ ሁሉንም ተረጎመችለት። አለቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ በሕይወት አለ?

«አለ! እየጠበቀኝ ነው!» አልኩ።

ከረጢቱን እንደነበረ አስሮ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ዘብ ላይ ያለ ወታደር ከመንገደኛ ምግብ እንዲቀበል ደንቡ አይፈቅድም አለ። ከዚያ ተረከዙን አጋጥሞ ሰላምታ ሰጠኝ። ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ሊወርድ ሲል ዞር ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አስጎብኚዋ ዓይኗን እየጠራረገች ተረጎመችው፦ «ለአባትሽ ብርዱ አሁንም ያው ነው በይልኝ አለ።» አውቶቡሱ በጭብጨባ ተናጋ። ቆሎውን ከፊት እስከ ኋላ አዞርኩት። የፈረንጅ ጥርስና ገብስ መቼም አይግባቡም! አንዱ ሽማግሌ እንደ ከረሜላ ሲመጠው ቆየ።

አስጎብኚዋ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ጎባጣዋ፣ ስለ እማማ፣ ስለዚያች አንዲት ቃል ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ዛሬ እንፈልጋታለን» አለች።

ሽቅብ የሚወስድ ትንሽ ባቡር ድንበሩን ቁልቁል የሚያሳይ ሕንፃ ላይ አደረሰን። አዳራሹ መሀል የአካባቢውን ተራራና ሸለቆ አሳንሰው የሠሩበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ። አስጎብኚዋ አባቴ የነገረኝን ቁጥር እዚያ ያለውን ወታደር ጠየቀችው። እሱም በብርሃን በትሩ ሦስት ኮረብታ አሳየን፤ ሦስቱም ከፍታቸው እኩል ነው። አንዱ በደቡብ፣ አንዱ በሰሜን፣ አንዱ ደግሞ መሀል ላይ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ከሦስቱ ጀርባው የጎበጠው የሰሜኑ ነበር።

ቆይ፣ ቆይ። ውሸት ሆኖ ቀረ? እኒያ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በውሸት ተጽናኑ? አዙሬ አዙሬ ባየው የሰሜኑ ጎብጧል። ላለቅስ ስል «ነይ ከጎኔ! በዚያ በኩል የጠላት ነው!» የሚለው ቁጣ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የት ነው የቆምኩት? በሰሜን በኩል! አባቴ ጎባጣዋን ከዚህ ወገን አይቷት አያውቅም።

ሰዉን እየገፋሁ ጠረጴዛውን ዞርኩ። በደቡብ በኩል ተንበርክኬ ዓይኔን ከጠርዙ ጋር እኩል አደረግሁ። የሰሜኑ ኮረብታ ከዚህ ሲታይ ጎባጣነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ሆነ። የመሀለኛው ግን፣ ኧረ በስመአብ! ጀርባዋን አጉብጣ፣ ሁለት ጉልበቷን ወደ እኔ አቅርባ፣ ወንዙን በጉልበቶቿ መካከል አሳልፋ ቁጭ ብላለች።

«እሷ ናት! እሷ ናት!» ጩኸቴ አዳራሹን ሞላው። አስጎብኚዋን አቅፌ አነሣኋት፣ ሚጢጢ ናት መቼም። ቢጫ ባንዲራዋ ወደቀ።

ከዚያ ነው መስመሮቹን ያሳየችኝ። ተኩሱ ሲቆም ሁለቱም ወገን ከያዙት ቦታ ወደ ኋላ ለቀው መሀሉን ባዶ አደረጉት። ሰማያዊው መስመር የእኛ ወገን ማብቂያ ነው፤ ቀዩ የእነሱ። ጎባጣዋ በሁለቱ መካከል ናት።

«ታዲያ የማን ናት?»

«የማንም» አለች።

ውጭ ባለው መነጽር አየኋት፤ እውነተኛዋን። ምሽግ የለ፣ መንገድ የለ፤ ከእግር እስከ ራስ ዛፍ ለብሳለች። ከሥሯ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ቆመዋል። «እንደምን ዋልሽ?» አልኳት ድምፄን አውጥቼ። እንባዬ መነጽሩን አደበዘዘብኝ፤ እየጠረግሁ አየኋት፤ ስልኬን መነጽሩ ላይ ደግኜም ፎቶ አነሣኋት። አስጎብኚዋ አውቶቡሱን ሁሉ ለእኔ ብላ አስጠበቀችው።

ደስታዬ ሆቴል ስገባ ወደ ጭንቀት ዞረ። ለአባዬ ምን ልበለው? ማንም አልያዛትም ማለት እኮ እኛም የለንባትም ማለት ነው። አንዷ ባልደረባዬ፣ «በእኛ በኩል ናት በይውና ደስ ብሎት ይደር፤ በዘጠና ዓመቱ ሄዶ አያጣራ!» አለችኝ። እውነቷን ነው አልኩ። አውሮፕላን ላይ «በእኛ በኩል ናት አባዬ» እያልኩ ስለማመድ መጣሁ።

ቤት ስገባ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ፣ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንዴት ገባሽ የለ፣ ደህና ነሽ የለ።

«ወዲህ ናት ወዲያ?»

አፌን ከፈትኩ። ዓይኑን ሳየው የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ወዲህም አይደለች፣ ወዲያም አይደለች አባዬ። መሀል ናት። ማንም የለባትም» አልኩት።

ከዚያ እንደ ጦር አዛዥ መረመረኝ። «እነሱ አይወጡባትም?» አይወጡባትም። «የእኛዎቹስ?» እነሱም አይወጡም። «መድፍ?» የለም። «ምንድን ነው ያለባት ታዲያ?» ዛፍና ወፍ። ስልኬን ሰጠሁት፤ ፎቶውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው፤ ጉልበቶቿን በጥፍሩ ነካቸው።

«እሷ ናት» አለ። «አልወሰዷትም?»

«አልወሰዷትም።»

«እንግዲያው እማማን አልዋሸኋቸውም!»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቀ ነው፤ ኋላ ግን ሁለቱም ሆነ። እኔም አብሬው ሆንኩ። «ያ ልብስ ሰፊ በሕይወት በኖረልኝ!» እያለ አልጋውን ይደበድበዋል። የአለቃውን ሰላምታ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «ብርዱ ያው ነው አለ? ይበለው!» ይልና እንደገና ይስቃል። አባቴን እንደዚያ ሲፈነድቅ አይቼው አላውቅም፤ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ በር አንኳኳ።

ሳቁ ድንገት ቆመ። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ከፊት ለፊታችን፣ በጠላት ወገን ዘብ የቆመ ልጅ ነበር» አለ። «ማታ ማታ ሲያስል እንሰማው ነበር። እሱም አገሩ ሲገባ እናቶች ጠይቀውት ይሆናል። ‹አልለቀቅንም› ብሏቸው ይሆናል እኮ።»

«ይሆናል አባዬ።»

«እሱም አልዋሸማ!»

«አልዋሸም።»

ስልኩን መለሰልኝ።

«እኔስ አንቺን ላክሁ» አለ። «ለእሱ ማን ሄዶ ያይለታል?»